በደብረ ታቦር ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል

ልጆቼ፥ በፋርጣና በጋይንት፥ በእስቴና በስማዳ፥ በእብናትና በሊቦ ከምከም ቀበሌዎች ማልዳችሁ እየተነሣችሁ ወደ ትምህርት ቤት የምትገሠግሡ፥ ይልቁንም በደብረ ታቦር ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይታችሁ ስንቃችሁን ከወላጆቻችሁ ቤት እየተሸከማችሁ ትምህርታችሁን የምትከታተሉ ተማሪዎች ሆይ፥ የሽማግሌ ምክር ብዙ ጊዜ «አጥኑ፥ ታዘዙ፥ ጊዜያችሁን አታባክኑ» በሚል ቃል ተጀምሮ በዚያው እንደሚፈጸም ስለማውቅና ይህንንም ከእናት ከአባቶቻችሁ ጠግባችሁ እንደሰማችሁት ስለማልጠራጠር፥ እኔ ለዛሬ ስለ አንዲት ቁጥር ብቻ ልነግራችሁ አስቤአለሁ።

ቁጥሯ መቶ ናት። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ተብሎ ተምራችኋል፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በደብረ ታቦር ውኃ ጥዳችሁ፥ ሲንፈቀፈቅ ቴርሞሜትር ብታስገቡበት፥ ልኩ ወደ 91 ገደማ ደርሶ ይቆማል እንጂ እሳቱን የቱንም ያህል ብታነድዱት መቶ አይሞላም። በመምህርነት ዘመኔ ደጋግሜ ያስተዋልሁት ነገር፥ ተማሪው በዓይነ ሥጋው 91ን እያየ በደብተሩ ላይ 100 ብሎ መጻፉን ነው፤ ይህንም የሚያደርገው ውሸትን ስለሚወድ ሳይሆን፥ የመጽሐፉ ቃል ከዓይኑ ይበልጥ የታመነ ስለሚመስለውና ማርኩም የሚገኘው ከመጽሐፉ ዘንድ ስለሆነ ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፥ ቤተ ሙከራ ገብቶ 100 ብሎ የጻፈ ልጅ ወደ ቤተ ሙከራው ባይገባ ኖሮ ምንም አይቀርበትም ነበር።

ታዲያ መጽሐፉ ስቷልን? አልሳተም፤ መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ወለል ላይ ስላለው ውኃ ነው። ነገር ግን እዚህ መልስ ላይ ዘልላችሁ እንድትደርሱ አልወድም፤ መጽሐፍና ዓይን ሲጣሉ መጀመሪያ የሚመረመረው መሣሪያው ነውና። ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ቢሆንስ? ጫፉ የድስቱን ቂጥ ነክቶ ቢሆንስ? በክረምት የጉና ተራራን ግርጌ የሚያለብሰው በረዶ ሲወርድ፥ ከደጅ አፍሳችሁ በብርጭቆ አድርጉት፤ መቅለጥ ሲጀምርም ቴርሞሜትሩን አስገቡበት፤ የሚቀልጥ በረዶ ልኩ በቆላም በደጋም ዜሮ ነው ለማለት ይቻላልና፥ መሣሪያችሁ በዚያ ዜሮን ካሳየ ቢያንስ ከታች በኩል ታማኝ ነው። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ከተገኘ በዚያም ድገሙት። መሣሪያው ንጹሕ መሆኑ ከተመሰከረለት በኋላ፥ የቀረው ጥያቄ ስለ ስፍራው ይሆናል።

ምክንያቱ የአየር ክብደት ነው። አየር ዓይን ባያየውም ክብደት አለውና በውኃው ፊት ላይ ተጭኖ ይኖራል፤ ውኃው የሚፈላውም የገዛ እንፋሎቱ ግፊት ይህን ጫና ሲተካከለው ነው፤ ወደ ከፍታ በወጣን መጠን ከበላያችን የሚቀረው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ፥ ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ያሸንፈዋል። ስለዚህም ባሕር ዳር ላይ ወደ 94፥ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ራስ ላይ ደግሞ ወደ 86 ወይም 87 ዲግሪ ሲሆን ይፈላል። በጉና ሥር ያለች እናት የባቄላ ንፍሮዋ በቶሎ አልበስል የሚላት እንጨቷ ርጥብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የፈላው ውኃዋ ራሱ ከቆላው ውኃ የቀዘቀዘ ስለሆነ ነው። ከዚህም የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት መጨመር ውኃውን ያተንናል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም፤ ስለዚህ እሳቱን ቀንሶ ድስቱን መክደን እንጨትን ያተርፋል። ይህን ለእናታችሁ ስትነግሩ ግን በትሕትና ይሁን፤ እርስዋ ያንን ድስት ከእናንተ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ጥዳዋለችና።

የአየር ጫና በከፍታ እንደሚቀንስ የተፈተነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1648 ዓ.ም. ነው። ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ራሱ ወደ ተራራው መውጣት ስላልሆነለት፥ የእኅቱን ባል ፔሪዬን ለምኖ፥ ባዘቃ የተሞላበትን የመስታወት ቱቦ ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ እንዲያወጣ አደረገ፤ በተራራው ራስ ላይም ባዘቃው ከስምንት ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የእኔን ልብ የሚማርከው ግን ወደ ላይ የወጣው ቱቦ አይደለም፤ ከታች በገዳም የቀረው ሁለተኛው ቱቦ ነው። ፔሪዬ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ቱቦ በገዳሙ አቁሞ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደራ ብሎ ነበር፤ መነኩሴውም ባዘቃው ከስፍራው እንዳልተነቃነቀ መሰከረ። ያ መነኩሴ ባይኖር ኖሮ፥ «ምናልባት የዕለቱ አየር ተለውጦ ይሆናል» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ነበር። እናንተም ወደ ጉና ስትወጡ አንድ ጓደኛችሁን ከተመሳሳይ ድስትና ቴርሞሜትር ጋር በከተማው አስቀሩት፤ መቅረቱን እንደ ቅጣት እንዳያየው ግን አስቀድማችሁ የመነኩሴውን ነገር ንገሩት።

እንዲህ በማለቴ ቃል በቃል መያዝን የማቃልል እንዳይመስላችሁ። ይህ አገር የቤተ ልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት አገር ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ያንን ሁሉ ዜማ በእዝነ ልቡናው ቀርጾ በመምህሩ ፊት ሲያዜም፥ አንዲት ምልክት ቢስት ይመለሳል እንጂ በግምት አያልፍም። የዘመናዊው ተማሪ ከዚህ ሊወርስ የሚገባው ጥንቃቄውን ነው፤ እናንተ ግን ብዙ ጊዜ የምትወርሱት ጩኸቱን ብቻ ነው።

ከቤተ ክህነት ሊቃውንት የምትወርሱት ሌላም ነገር አለ። ሰዓት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን አባቶች የጾሙን ሰዓት የሚያውቁት የራሳቸውን ጥላ በጫማ እየለኩ ነበር። እናንተም ልኩ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በሜዳ ትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ድንጋይ ባንጠለጠለ ክር አረጋግጡ፤ ከዚያም ጥላው ከሁሉ የሚያጥርበትን ቅጽበት ጠብቁ። መጀመሪያ የምትገረሙት በሰዓቱ ነው፤ ጥላው የሚያጥረው ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ተጠግቶ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ፥ የደብረ ታቦር ቀትር ከሰዓቱ ወደ ኋላ ይዘገያል። በታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ዕለት ዕለት እያጠረ ይሄድና ሚያዝያ 13 ገደማ በቀትር ጥላ ይጠፋል፤ ፀሐይ በአናታችሁ ላይ ትክክል ቆማለችና። ከዚያ በኋላ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በሰኔ 14 ገደማ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ደርሶ ይመለሳል፤ በነሐሴ 16 ገደማም እንደ ገና ይጠፋል። እንግዲህ ከከተማችሁ ጋር አንድ ስም ያለው የደብረ ታቦር በዓል፥ ቡሄ፥ ነሐሴ 13 ሲከበር፥ ሰማዩ ቢገለጥ የእንጨታችሁ የቀትር ጥላ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይዋን በባዶ ዓይን አትመልከቱ፤ የምትለኩት ጥላዋን ነው።

ቡሄን ካነሣሁ ጅራፉን ሳላነሣ አላልፍም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ የሚጮኸውም ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ አየሩን ስለሚሰነጥቀው ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከማዶው ተረተር ጓደኛችሁ ሲያጮኽ እጁን አይታችሁ ድምፁ እስኪደርስ ቁጠሩ፤ ሁለት ሴኮንድ ከሆነ በመካከላችሁ 680 ሜትር ገደማ አለ። ይህ ሙከራ ከበዓሉ ጨዋታ በቀር ምንም ወጪ የለውም።

በማድቤትም ሙከራ አለ። ከአንድ ቡሆ እኩል እየቀዳችሁ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ፤ አፋቸውን በፊኛ እሠሩ፤ አንዱን ከምድጃው አጠገብ፥ ሌላውን ከቀዝቃዛው ጥግ አኑሩና የማን ፊኛ ቀድሞ እንደሚነፋ ተመልከቱ። ዱቄቱም፥ እርሾውም፥ ውኃውም፥ ጠርሙሱም አንድ ይሁን፤ የምትለውጡት ስፍራውን ብቻ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፥ የትኛው እንዳደረገው አያውቅም። ፊኛውን የነፋው አየር ከሳንባችሁ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ልታረጋግጡ ከፈለጋችሁ፥ ኖራ በውኃ በጥብጣችሁ ከጠለለ በኋላ ጥሩውን ቅዱና ጋዙን በቀስታ አሳልፉበት፤ ይነጣል። ኖራው ዓይን ያጠፋልና ተጠንቀቁ፤ በትምህርት ቤትም አሲድ ስትቀጥኑ አሲዱን ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ ከቶ አትጨምሩ፤ ከሰል አንድዳችሁም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትጥኑ፥ አትተኙም።

በየበዓሉ መድረክ ላይ ስለ ጋፋት ስትፎክሩ እሰማለሁ። ከከተማችሁ ብዙም በማይርቀው በዚያ ስፍራ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል፥ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፥ መድፍ የማቅለጥ ሙያ ባልነበራቸው ሚስዮናውያን የእጅ ጥበበኞችና በአገሬው ሠራተኞች እጅ ተቀልጦ ወደ መቅደላ ተጎተተ። ፉከራውን አልከለክልም፤ ነገር ግን ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ በላይ መሆኑን አውቆ፥ «በወናፍና በከሰል ይህን ያህል ሙቀት እንዴት ተገኘ? ሸክላውስ እንዴት ቻለው?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ እስከ ዛሬ አንድም አላጋጠመኝም፤ ብታጋጥሙኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

የቀረው የመዝገቡ ነገር ነው። ለሙከራ ብቻ የሚሆን አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ዕለቱን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ የአየሩን ሁኔታ፥ የመሣሪያውን ዓይነት ጻፉበት፤ የጻፋችሁትን አትፋቁ፥ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አዲሱን ከጎኑ አስፍሩ። ልካችሁ ከመጽሐፉ ሲለይ በክፍል መካከል ተነሥታችሁ መምህሩን አታሳፍሩ፤ ደብተሩን ይዛችሁ በዕረፍት ሰዓት ቅረቡና «የኔታ፥ እኛ 91 አገኘን፤ በረዶውም ዜሮ ሆነልን፤ አብረውን ቢያዩልን» በሉ። ፈተና ላይ «በባሕር ወለል» የሚል ቃል ካለበት ያለ ማወላወል 100 ብላችሁ መልሱ። ጥላውን የምትለኩበት ቀን ደመና ከሆነም «ዛሬ ደመና ነበረ፤ ጥላ አልታየም» ብላችሁ ጻፉና፥ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደ ገና ወደ ሜዳው ውጡ።