ትርፍራፊው የማን ነው?

ጥቁር ወታደር ዝንብ ስለሚባለው ፍጥረት የሰማን ሁሉ በመጀመሪያ ፊታችንን ነው ያጨማደድነው። ዝንብን እሽ ስንል ያደግን የቢስቲማ ልጆች ዝንብ አርቡ ስንባል መደንገጣችን አይፈረድብንም። ይህ ግን ከማዕዳችን የምናባርረው ዓይነት አይደለም። ጥንተ መኖሪያው የአሜሪካ ምድር ሲሆን ዛሬ በብዙ ሞቃት አገሮች ይገኛል። ክንፍ ካወጣ በኋላ በማዕድ ላይ አይርመሰመስም፤ በትልነቱ ባጠራቀመው ስብ ጥቂት ቀናት ኖሮ፣ እንቁላሉን ጥሎ ያልፋል። በላተኛው ትሉ ነው። ልጣጩን፣ የበሰበሰውን ፍሬ፣ የቡናውን አተላ ሁለት ሳምንት ያህል ሲበላ ይከርምና፣ ሲጠግብ ደረቅ ስፍራ ፍለጋ ራሱ ከገንዳው ይወጣል። ያን ጊዜ ለቅሞ ለዶሮ መስጠት ነው። ከደረቅ ክብደቱ ሲሦ የሚበልጠው ፕሮቲን ነውና። ከሥሩ የሚቀረው ደግሞ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል። ሙቀት ስለሚወድ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ትስማማዋለች።

«በትል ያደገች ዶሮ አንበላም» ያሉም አልጠፉ። ዶሮ ፍግ ስትጭር ምን እንደምትለቅም አላዩም ማለት ነው!

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በአገራችን ትርፍራፊ ባለቤት አለው። የድግሱ ትርፍ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪ፣ የጠላው አተላ ለከብት፣ ፍርፋሪው ለዶሮ ነው። ወሎ ደግሞ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ያለቀ ሕዝብ አገር ናት፤ ወላጆቻችን የወደቀች እህል ዛሬም ጎንበስ ብለው ያነሣሉ። እንግዲህ የትል ገንዳ በጓሯችን ቢቀመጥ «ምን ቸገረ፣ ትሉ ይበላዋል» እያልን ሙሉ እንጀራ መወርወር አንለምድምን? ኅሊናችንን የሚያስተኛ ብልሃት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ገንዳው ባይኖርስ የምንጥለው ወዴት ይሄዳል? በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በተባለው ስፍራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ከተማው ሁሉ «ጣልነው» ያለውን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ልጣጭን ለትል መስጠት ቀልድ አይደለም፤ ያንን ክምር መቀነስ ነው።

ታዲያ ተራ እናብጅ ብለናል፦ አስቀድሞ ሰው፣ ቀጥሎ ከብት፣ በመጨረሻ ትል። ይህም አንድ ሙግት አስነሣ። ሌላው በእጁ የነካካውን እንጀራ ለድኻ መስጠት ክብሩን መንካት አይደለምን? ነው እንጂ! ስለዚህ የነዳያኑ ድርሻ ገና ሞሰቡ ሳይከፈት ተነሥቶ ይቀመጥ፣ ከእንግዳ ፊት የቀረው ልቅላቂ ብቻ ወደ ገንዳው ይግባ በሚለው ተስማምተናል። ምን ያህል ይነሣ በሚለው ግን ገና አልተግባባንም። ገሚሶቻችን ከአሥር አንዱ ስንል፣ ገሚሶቻችን ለደጋሹ ይተው እንላለን።