የቅቤ ነጋዴዋ ቅንድብ

በአንድ የደጋ ከተማ ቅቤ ተራ ውስጥ ማንም የማያታልላት ነጋዴ ነበረች። ባላገሩ በኮባ ጠቅልሎ ያመጣውን ቅቤ ገለጥ አድርጋ በጣቷ ትቆነጥራለች፤ በእጇ ጀርባ ላይ አሸት ታደርገዋለች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አንድ ጊዜ ትስበዋለች፤ አበቃ። ለጋውን ከበሳሉ መለየትማ ለማንም አይከብድም። የእሷ ሙያ ሙዝ የተለወሰበትን፣ ዱቄት የገባበትን፣ ከላይ ለጋ ተለብጦ መሐሉ የከረመውን ሳታቀልጥ ማወቅ ነበር። በጾም እንኳ፣ መቅመስ በማይቻልበት ወቅት፣ አትሳሳትም።

ይህን ሙያ ለሁለት ሴት ልጆቿና አብራቸው ላደገችው ለእህቷ ልጅ ለማውረስ ቆርጣ ተነሣች። ማታ ማታ ሦስቱን ፊቷ ታስቀምጥና ቅቤውን በየተራ ታቀርብላቸዋለች።

«ይኼስ?»

ልጆቹ ይነኩታል፣ ያሸቱታል፣ ቀና ይላሉ። «ጥሩ ነው፣ እማዬ።»

«ይኼስ?»

«ተለውሷል።»

ስተው አያውቁም። እሷም በየደረሰችበት ስለ ልጆቿ አፍንጫ ሳታወራ አትውልም ነበር።

በሕማማት ሳምንት፣ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት፣ ዘመድ ሞተባትና ገጠር ለለቅሶ ሄደች። ሱቁን ለልጆቹ ተወች። በፋሲካ ማግስት ስትመለስ ደንበኞቿ ድስታቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። ልጆቹ ከገዙት ቅቤ ግማሹ ሙዝ ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ ተሳስታችሁ የማታውቁ ልጆች! ምን ነካችሁ?»

ሁለቱ ልጆቿ አቀረቀሩ። የእህቷ ልጅ ግን ትንሽ ነበረችና አፏ አመለጣት፤ «እትዬ፣ አንቺ አልነበርሽማ።»

«እኔ ባልኖርስ? አፍንጫችሁ የት ሄደ?»

«መጥፎ ሲሆን የግራ ቅንድብሽ ከፍ ይላል። ጥሩ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ።» ታላቂቱ ከኋላ ቆነጠጠቻት፤ ግን ነገሩ ወጥቷል።

በማግስቱ ምሽት ነጋዴዋ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጠየቀቻቸው። ትከሻዋን አነበቡ። ጀርባዋን ሰጥታ ጠየቀቻቸው። አተነፋፈሷን አዳመጡ። ልጅ እንዲህ ነው፤ መጠየቁን ካላቆምክ ከየትም ብሎ መልሱን ከአንተ ላይ ያገኘዋል።

ስለዚህ መጠየቁን ተወች። ከበዓሉ በኋላ ቅቤ ሲረክስ ደህናውንም የተበላሸውንም ደባልቃ ገዛችና ለእያንዳንዳቸው አንድ ብረት ድስትና ከሰል ሰጥታ፣ «ስታቀልጡት የሚሆነውን እዩ» ብላ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ወጣች። ልጆቹ የመጀመሪያውን አሳረሩት። ሁለተኛው አረፋውን ገፍቶ ወርቅ መሰለ። ሦስተኛው ከሥሩ ያዘና በማንኪያ ቢፍቁት እንቢ አለ። አራተኛውን ከመጣዳቸው በፊት ታላቂቱ አሸተተችውና «ይኼ ከሥሩ ይይዛል» አለች። ትንሿ «አይዝም» ብላ ተከራከረች፤ ተወራረዱ። ሦስቱም ድስቱ ላይ አፈጠጡ፤ ወደ በሩ ዞር ያለች አልነበረችም።

ባሏ የተቃጠለውን ቅቤ በብር አስልቶ፣ «እንዲህም ብሎ ማስተማር አለ?» አላት። ጎረቤቶቿም ሰንፋለች አሉ። እነሱ ያላዩት የእሷን ፈተና ነበር፤ የሚያርር ቅቤ እየሸተታት ሲኒዋን ይዞ መቀመጥ።

ዓመቱ ሲያልቅ ታላቂቱ ሙያውን ያዘች። የእህቷ ልጅ አንድ ቀን ሻጩ ፊት «እትዬ፣ በዚህኛውስ ተሳስተሻል» አለቻት፤ ቀልጦ ሲታይም ልክ ነበረች። መካከለኛዋ ስለ ቅቤ ደንታ አልነበራትም። እሷ የያዛት ሚዛኑ ነበር፤ ሱቁ ለዓመታት በየኪሎው ትንሽ ትንሽ ሲያጎድል እንደኖረ ደረሰችበት። ነጋዴዋ በዚህኛው ትምህርት አልተደሰተችም።

ምሳሌውን ያመጣሁት ስለ ጆን ሆልት ሳስብ ነው። ሆልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያገለገለ፣ በኋላ መምህር የሆነ አሜሪካዊ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስ የግል ትምህርት ቤቶች አምስተኛ ክፍል ሲያስተምር፣ ባልደረባው በሚያስተምርበት ክፍል ተቀምጦ ልጆቹን ብቻ የማየት ዕድል አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ከጻፋቸው መካከል አንድ ጨዋታ አለ። መምህሩ ከ1 እስከ 10,000 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛል፤ ልጆቹ እየጠየቁ ይደርሱበታል። «ከ5,000 በላይ ነው?» ሲሉ መልሱ «አዎ» ከሆነ ይፈነድቃሉ፤ «አይደለም» ከሆነ ያዝናሉ። ሁለቱም መልሶች የሚነግሯቸው እኩል ነው፤ ግማሹን ቁጥር ያስወጣሉ። ልጆቹ ግን የፈለጉት ቁጥሩን ሳይሆን የመምህሩን «አዎ» ነበር።

ሆልት ትምህርት ቤትን ለማሻሻል ለዓመታት ጽፎ፣ ተናግሮ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሞትም እንቅስቃሴው በእግሩ ቆሞ ነበር። እኔ ከእሱ የምለየው እዚህ ላይ ነው። ልጁን ከክፍል አውጥቶ ሳሎን ማስቀመጥ ቅንድቡን አያጠፋውም። እንዲያውም የእናት ቅንድብ ከመምህር ቅንድብ ይቀርባል፤ ልጅም ገና ፊደል ሳይቆጥር ያነበበዋል። ሆልት ራሱ ወላጆች ቤታቸውን ትንሽ ትምህርት ቤት እንዳያደርጉት ሲመክር የኖረው ለዚህ ይመስለኛል።

በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ «ተማሪ ተኮር» የሚለውን አነጋገር በየሥልጠናው አስለምዶናል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትምህርት የሚያስተላልፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ፕላዝማው በእርግጥ የሚነበብ ቅንድብ አልነበረውም፤ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይልና ራሱ መልሶ ያልፋል።

የነጋዴዋን ባል ግን ሞኝ ነው ብዬ አላልፈውም። ቅቤ ሲቃጠል ብር ነው። ስልሳ ልጅ፣ 40 ደቂቃ፣ ከፈተና በፊት የሚያልቅ መጽሐፍ ያለው መምህር፣ ልጆቹ እስኪያሳርሩ ዝም ብዬ ልጠብቅ ቢል የጠፋውን ሰዓት ማን ይከፍልለታል? ይህን ጥያቄ የመለሰ የሥልጠና ሰነድ እስካሁን አልገጠመኝም።