ከኤሌክትሪኩ በፊት 3 ሳምንት



ከሞላሌ ለሕክምና አዲስ አበባ የመጣ አንድ ወንድማችን የጠየቀኝ ጥያቄ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ስሙን ሳልጠራ እንዳካፍላችሁ ፈቅዶልኛል።

ልጅ ሳለ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ነበር። የመንዝ ብርድ ነው ተባለ፤ እንጥሉን ተቆረጠ፤ በዚያው ታለፈ። በሀገራችን የብዙ ወጣቶች የልብ ሕመም የሚጀምረው እንዲህ ነው። በወቅቱ በፔኒሲሊን ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ውሎ አድሮ የልብን በር ሊያበላሽ ይችላል። በሩ ሲበላሽ የልብ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ ምቱም ሥርዓቱን ይስታል። አረፍ ባልንበት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ በእኩል ልክ መምታት የሚገባው ልብ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ሐኪሞቹ «ምቱን በኤሌክትሪክ እንመልሰዋለን፤ በፊት ግን ለ3 ሳምንት ደም የሚያቀጥን ኪኒን ሳታቋርጥ ውሰድ» አሉት። እሱም «ኡስታዝ፣ መመለስ ከተቻለ ዛሬውኑ ለምን አይመልሱትም?» አለኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ምቱ በተዛባ ልብ ውስጥ ደም ተኝቶ ይረጋል። ልቡ ድንገት ተስተካክሎ መምታት ሲጀምር የረጋው ደም ተነሥቶ አንጎል ውስጥ ሊሰነቀር፣ ሰውየውንም ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የረጋው ሳይጠራ የመጣ ፈውስ ራሱ አደጋ ነው።

ይህን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ከአባታችን በጎች የእህቴን ድርሻ እስካሁን አልሰጠኋትም» አለኝ።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ብዙዎቻችን ተውባን እንደ ኤሌክትሪኩ እንፈልጋታለን፤ አንዴ አልቅሰን፣ አንድ ረመዷን ጾመን ሁሉም እንዲስተካከል። ኢማም ነወዊ በ«ሪያዱ ሷሊሒን» የተውባን መስፈርቶች ሲዘረዝሩ ግን ኃጢአቱን መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ብቻ አላሉም። ነገሩ የሰው ሐቅ ከሆነ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። አላህ በሱረቱ ኒሳእ ለሴት ልጅ የመደበውን ድርሻ ይዘን የፊተኛው ሰፍ ላይ ብንቆም፣ ውስጣችን የረጋ ነገር አለ።

አንድ ነገር እንዳይምታታብን። የልብ ሕመም የኃጢአት ቅጣት ነው እያልኩ አይደለም። ምቱ የተዛባበት ሰው ከእኔና ከእናንተ የጠራ ልብ ሊኖረው ይችላል። «የአላህ ቀደር ነው» ብሎ ታማሚን ቤት ማስተኛትም ተወኩል አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል። የልጃችሁ ጉሮሮ ሲያመው እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየወሩ መርፌ የታዘዘለት ካለ ቀኑን አታሳልፉበት።

ሱብሃነላህ! ኤሌክትሪኩ አዲስ ምት አይፈጥርም። ረብሻውን ለቅጽበት ዝም ያሰኛል፤ ያኔ አላህ በልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል ያኖራት ትንሽ የምት መነሻ ሥራዋን መልሳ ትይዛለች። ጁምዓም እንዲሁ ናት፤ አዛን ሲባል ንግዱን ትተን ዝም የምንልባት ሰዓት።

ወንድማችን ኪኒኑን በጀመረ በሁለተኛው ቀን ለእህቱ ደወለ። «ስትድን እንነጋገራለን» አለችው። «አይሆንም፣ አሁን» አላት። በጎቹ ተቆጥረው ተሰጧት። ምቱ በአላህ ፈቃድ ተመልሷል፤ ሐኪሞቹ ግን ዳግም ሊዛባ እንደሚችል ነግረውታል፤ ኪኒኑንም አላቋረጠም፤ የልቡም በር ገና ሕክምና ይጠብቀዋል።

እኛስ ዛሬ ከሶላት በፊት ልንደውልለት የሚገባ ሰው የለንም?

ልቦችን የምታገላብጥ ጌታችን ሆይ፣ ልባችንን በዲንህ ላይ አጽናልን፤ ሕሙማኖቻችንን አሽርልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!