ተራው የማን ነው?

ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ምንጭ ከምንጭ ተገናኝቶ ወንዝ በሚሆንበት ደጋ፣ አንድ የውሃ አባት ነበሩ አሉ። በበጋ ወንዙ ተጠልፎ ወደ ቦይ ሲገባ ውሃው ዛሬ ለማን ማሳ፣ ነገ ለማን ማሳ እንደሚደርስ የሚያከፋፍሉት እርሳቸው ናቸው። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ወረቀትም አልነበረውም። የሳምንቱ ተራ፣ የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ፣ ማን ለማን ውሃ እንዳበደረ ሁሉ በእርሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሰዓት አያስሩም። ጥላቸውን በእግራቸው ለክተው "ያንተ አበቃ፣ ቦዩን ዝጋ" ሲሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። ሌሊት ውሃ የሰረቀ ሰው ጠዋት ሳይጠራ መጥቶ ይቅርታ ይለምን ነበር፤ እንደሚደርሱበት ያውቃልና።

እኚህ ሰው ሲያረጁ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የረሱት ትንሽ ትንሹን ነው፤ ምርኩዛቸውን የት እንዳኖሩ፣ ቁርስ መብላት አለመብላታቸውን። "እርጅና ነው" ተባለ። ቀጥሎ ማክሰኞን ለሁለት ሰው ሰጡና ሁለቱ ሰዎች ቦዩ ዳር ዱላ ተማዘዙ። "ጃጅተዋል" ተባለ። ከዚያ ምራታቸው ጋቢያቸውን እንደሰረቀችባቸው ለመንደሩ አወሩ፤ ጋቢው ትከሻቸው ላይ ነበር። "መተት ነው" ተባለና ጸበል ተወሰዱ። ከጸበሉ ትንሽ ረጋ ብለው ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ የገዛ ልጃቸውን "አንተ የማን ልጅ ነህ?" ብለው ጠየቁት። ሰውየው አልመለሰላቸውም። በቅሎዋን እየሳበ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

የቤቱ ሰው መከረ። ልጅየው እርሻ አለበት። ምራቲቱ ውሃና እንጨት፣ ሊጥና ወጥ አለባት። ታላቁ የልጅ ልጅ ከብት ይጠብቃል። ሥራ የሌላት አንዲት ብቻ ናት ተባለ፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጅ። አምስተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤት መሄድ በዚያ ቤት ከሥራ አይቆጠርም ነበር። "እስኪሻላቸው ድረስ ነው" አሏት። በሽታው ግን የሚሻል አልነበረም።

ልጅቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አያቷ በየጥቂቱ ቀና ይሉና "ዛሬ ተራው የማን ነው?" ይላሉ። በመጀመሪያ እውነቱን ትነግራቸው ነበር፤ "አባባ፣ አሁን እኮ የውሃ አባት አይደሉም።" ያን ጊዜ ይቆጣሉ፣ ምርኩዝ ያነሣሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። አንድ ቀን ደክሟት "የኔ ነው አባባ" አለቻቸው። "ያንቺ ከሆነ ደግ፤ ውሃውን እንዳታባክኚ" ብለው ጸጥ አሉ። ከዚያ ወዲህ በተጠየቀች ቁጥር "የኔ ነው" ትላለች። ሐሰትም አልነበረም። ሰኞም የእርሷ ተራ ነው፣ ቅዳሜም የእርሷ ነው፣ በዓሉም የእርሷ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሡና "መሽቶብኛል፣ ቤቴ ልሂድ" ይላሉ፤ በራሳቸው ደጅ ቆመው። "ቤትዎ እኮ ይኸው" ማለት ጠብ መጀመር ነበር። ልጅቱ እጃቸውን ይዛ አጥሩን ታዞራቸውና በጓሮ በኩል ስታስገባቸው "እሰይ፣ ደረስን" ብለው ይቀመጣሉ። ይህን ማንም አላስተማራትም። ጓደኞቿ ክፍል ውስጥ ሌላ ሌላውን ሲማሩ እርሷ ይህን ተማረች።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋለች። አያቷ የጠዋቱን ቁርስ አያስታውሱም፤ የዱሮውን የውሃ ተራ ግን አንዲት ቤት ሳይስቱ ይቆጥራሉ። የበሽታው ጠባይ ነው፤ አዲሱን ቀድሞ ይወስዳል፣ የቆየውን ለኋላ ያስተርፋል። "ሰኞ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትርስ?" ስትላቸው የአንድ ሰው ስም ይጠራሉ። "ከቀትር እስከ ማታስ?" ስትላቸው ሌላ ስም። የቀረላትን አንድ ደብተር አውጥታ ሁሉንም ጻፈችው። የተጠሩት ሰዎች በሙሉ ሞተዋል።

ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዝናቡ ቀድሞ ተቋረጠና ወንዙ ቀጠነ። መንደሩ ውሃውን እንደገና ለመደልደል ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። ሁሉም "የአባቴ ድርሻ ይህን ያህል ነበር" ይላል፤ ምስክር የለም። ልጅቱ አያቷን ትታ መምጣት ስለማትችል ይዛቸው መጥታ ዳር ተቀምጣ ነበር። ክርክሩ ሲከር "ደብተር አለኝ" አለች። ሳቁባት። የመጀመሪያውን መስመር ስታነብ ግን ሳቁ ቆመ። የሙታኑ ስም የተከራካሪዎቹ አባቶች ስም ነበር።

ሰኞ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር የስድስት ሰዓት ውሃ ነው። ባለድርሻው ሟች ሦስት ልጆች አሉት። ልጅቱ "ሁለት ሁለት ሰዓት" ብላ አካፈለች፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ወደ ከቀትር በኋላው ተሻገረች። ይህኛው ሟች አራት ልጆች ነበሩት፤ ከአራቱ አንዷ ሞታ ድርሻዋ ለሁለት ልጆቿ ቀርቷል። ስድስትን ለአራት። በጣቷ ቆጠረች፣ በጠጠር ቆጠረች። "አንድ አንድ ሰዓት ይደርሳቸውና ሁለት ይተርፋል" አለች። "የተረፈውስ?" ተባለች። አላወቀችም።

ዱሮ አብራት አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ የነበረች ልጅ፣ አሁን ሰባተኛ ክፍል ደርሳ፣ ከእናቷ ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። ቀረብ ብላ በእንጨት መሬት ላይ ጻፈች። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ፤ ለሟቿ ልጆች አርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ። "ክፍልፋይ ነው" አለች፤ "አምስተኛ ክፍል እያለን ነው የተማርነው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ባለደብተሯ ዞሮ "አንቺስ አብረሻት አልነበርሽም እንዴ? እንዴት ሳታውቂው ቀረሽ?" አላት።

"ክፍልፋይ ሲማሩ እኔ አባባን እጠብቅ ነበር" አለች። ለመክሰስ ብላ አይደለም፤ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

ይህን ስትል አያቷ ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና ብለው "ዛሬ ተራው የማን ነው?" አሉ። ልጅቱ እንደ ልማዷ አፏን ስትከፍት አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ መካከል እጃቸውን አነሡ። "አንቺ ዝም በይ ልጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሰሻል። እስቲ ዛሬ ሌላ ሰው ይመልስላቸው።"

ማንም አልመለሰም። የውሃ አባቱ ደግመው ጠየቁ።

ባልቴቲቱ ተነሥተው ቆሙ። "የውሃ ተራ አላችሁ፣ የከብት ተራ አላችሁ፣ የጽዋ ማኅበር ተራ አላችሁ። ሰው ሲሞት እድር አለ፤ ድንኳን ተካዩ፣ ውሃ ቀጂው በተራ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደላድሉላችሁ የኖሩት ሰው ሲታመሙ ግን ተራው የአንዲት ሕፃን ብቻ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማችሁም? ዛሬ ውሃ ማካፈል ያቃተን ድርቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የምታካፍልልንን ልጅ ደጃፍ ላይ አስቀምጠን ነው።"

የልጅቱ አባት አንገቱን ደፋ። "ጨክኜ አይደለም እማማ። አባቴ ትልቅ ሰው ነበሩ። እንዲህ ሆነው ባዕድ እንዳያያቸው፣ ገመናቸው እንዳይወጣ ብዬ ነው።"

"እርሳቸውንማ ሁሉም አይቷል" አሉት ባልቴቲቱ። "ያልታየችው ልጅህ ናት።"

በዚያው ሳምንት የውሃ አባቱን በቃሬዛ ሳይሆን በበቅሎ፣ በቀን፣ ሰው እያያቸው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ነርሷ መተትም እርግማንም እንዳልሆነ፣ የአንጎል በሽታ መሆኑን፣ እስከ ዛሬ የሚያድነው መድኃኒት እንዳልተገኘ ነገረቻቸው። የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ጆሯቸውንና ዓይናቸውን አየች። ደብተሩንም አገላብጣ ካየች በኋላ ወደ አባትየው ዞረች። "ልጅቱን ትምህርት ቤት መልሳት። በልጅነቱ ያልተማረ ሰው ሲያረጅ ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።" አባትየው ደነገጠ። "በሽታው ከልጅነት ይጀምራል ማለት ነው?" ብሎ ጠየቃት። "መከላከሉ ነው ከልጅነት የሚጀምረው" አለችው።

ተራ ወጣ። ሌሊቱ የቤተሰቡ ሆነ፤ ቀኑ ከጠዋትና ከቀትር በኋላ ተከፍሎ ለጎረቤቱ ተደለደለ። ልጅቱም እንደ ሰው ሁሉ አንድ ተራ ደረሳት፤ ቅዳሜ ጠዋት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትላልቆቹ ሰዎች ተቀምጠው እርሷ አስተማረቻቸው። "'ረሱት እንዴ?' አትበሏቸው። የሌለውን አለ ቢሉ አትሟገቱ። ሲመሽ ቤቴ ልሂድ ካሉ አብራችሁ ዙሩ። የዱሮውን ጠይቋቸው፤ ያን ጊዜ ደስ ይላቸዋል።"

ሁሉም አልሰመረም። አንድ ጎረቤት ተራውን ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው። የውሃ አባቱ አመሻሽ ላይ ወጥተው፣ ሟች ባልንጀራቸው ውሃ እንዳይቀርበት ዋናውን ቦይ ከፍተው የሰው ሽንኩርት በውሃ አጥለቀለቁ። ባለ ሽንኩርቱ ካሳ ጠየቀ፤ የከፈለው ያንቀላፋው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ለአመሻሹ ሁለት ሰው ተመደበ። በሰበብ ተራውን የዘለለ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ እንዲጠብቅ ተወሰነ። እንዲህ እየተጨቃጨቁ፣ እየተቀጡ፣ እየተለማመዱ ሠሩበት። የውሃ አባቱ አልዳኑም። ከሁለት ክረምት በኋላ ዐረፉ። ልጅቱ ከታናናሾቿ ጋር አምስተኛ ክፍል ገባች፤ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት በጎን ተቀምጣ ተማረች። ክፍልፋይን ተማረች። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ማንም አልመለሰላትም።

የምሳሌው ፍቺ ከደጋው ወጥቶ ወደ እያንዳንዳችን ቤት ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሕሙማኑን በመንከባከብ ከሚያልፈው ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። በየቤቱ "ሥራ የሌላት ማናት?" ተብሎ ሲፈለግ ጣት ወደማን እንደሚጠቁም ከዚህ ይታያል።

ነርሷ የተናገረችውም ከራሷ አልነበረም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ነገር ግን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግር፣ ከማኅበራዊ ኑሮ መገለል ይገኙበታል። ሁሉም ቢወገዱ ከበሽታው ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። በልጅነት ዕድሜ የተቆጠረው ደግሞ የትምህርት ማነስ ነው። እንግዲህ አያቷን እንድትጠብቅ ከክፍል የቀረች ልጅ የምታጣው የዛሬውን ትምህርት ብቻ አይደለም። የአያቷን ሕመም እያስታመመች፣ ለራሷ እርጅና ከሚያስፈልጋት ስንቅ ላይ እየተቀነሰባት ነው።

ልጅ ከአያቱ ሥር መቀመጡ በረከት ነው፤ ያቺ ልጅ ያገኘችውን ትዕግሥት ትምህርት ቤት አይሰጣትም። የቅዳሜ ጠዋት ተራዋን ማንም አልነጠቃት። የተወሰደላት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው የሌሎች ሰዎች ተራ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ይህን አንብቦ "የእኛ ልጆች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አልቀሩም" ሊል ይችላል። ቢልም አይዋሽም። በዚያ ቤት በመርሳት በሽታ የተያዙትን እማማን ቀን ሙሉ የምትጠብቀው፣ የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው የቤት ሠራተኛ ግን ከገጠር ስትመጣ ስንተኛ ክፍል አቋርጣ ነበር? በብዙ ቤት "የማታ እናስተምርሻለን" ተብላ ነው የምትቀጠረው። የማታ ትምህርት የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ነው። ብዙ የመርሳት ሕሙማን የሚጨነቁት፣ ተነሥተው "ቤቴ ልሂድ" የሚሉትም በዚያው ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የሚሰረዘው ሁልጊዜ የእርሷ ትምህርት ነው፤ ቃል ያፈረሰ ሰው የለም፣ ግን ቃሉ ፈርሷል።

ስለዚህ የእማማ ልጆች ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያውጡ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አጠገባቸው የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየስሙ ይጻፍ። ወንዶቹም ይጻፉ። የልጆቹ ስም ካልበቃ የልጅ ልጆቹ፣ እነርሱም ካልበቁ ጎረቤት ይለመን። የሠራተኛዋ ስም በዚያ ወረቀት ላይ አይግባ፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይግባ።