ከጆሮ የራቀ ለቅሶ

ከመዲና ዳር ነጋዴዎች ጭነታቸውን አራግፈው ሰፍረዋል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው እንግዶቹን ከሌባ ለመጠበቅ ሌሊቱን ወጥተዋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ዑመር ወደ እናቲቱ ሄደው አላህን እንድትፈራና ለልጇ እንድታዝንለት ይመክሯታል። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ዳግም ያለቅሳል፤ እርሳቸውም ዳግም ይሄዳሉ። ሊነጋ ሲል ሦስተኛ ሲሰሙት ትዕግሥታቸው አልቆ መጥፎ እናት መሆኗን ይነግሯታል። ሴትዮዋ ማን እንደሚያናግራት አታውቅም። ሌሊቱን ሙሉ እንዳስቸገሯት ከነገረቻቸው በኋላ ምክንያቷን ገለጸች። ልጁን ጡት እያስጣለችው ነው፤ ዑመር ከበይቱልማል ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ለተወ ልጅ ብቻ ነውና። ዕድሜውን ቢጠይቋት ገና የጥቂት ወራት ልጅ ነው።

በዚያን ዕለት የሱብሒን ሶላት ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው ብዛት የተነሳ የሚቀሩት ቁርኣን በቅጡ አይሰማም ነበር ይባላል። በዚህ ደንብ ስንት ሕፃን ሞቶ ይሆን ብለው ራሳቸውን ከሰሱ። ወዲያውም እናቶች ልጆቻቸውን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ከእንግዲህ ድጎማው ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንደሚሰጥ አስነገሩ። ለየግዛቱም ይህንኑ ጻፉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን የኸሊፋውን ርኅራኄ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ዛሬ በሌላ ጎኑ ልመለከተው እወዳለሁ። የመጀመሪያው ደንብ የክፋት ደንብ አልነበረም። ለልጆች ገንዘብ የሚሰጥ ደንብ ነበር። ጉዳቱ የመጣው በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቃል ሳይሆን፣ ችግረኛዋ እናት ኑሮዋን ከደንቡ ጋር ለማስማማት ካደረገችው ነገር ነው። ይህን ጉዳት በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ሊያገኘው የሚችል ጸሐፊ አልነበረም። የተገኘው ደንቡን ያወጣው ሰው በሌሊት ወጥቶ ለቅሶውን በጆሮው ስለሰማ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ደንብ ወይም መመሪያ በሰው ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን መመርመር የባለሙያዎች የሂሳብ ሥራ ብቻ ነውን? ወይስ በቅድሚያ የአማና ጉዳይ ነው?

በአገራችን እንዲህ ያለ ምርመራ መደረግ እንዳለበት ሕጉ ራሱ ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች ብቻ ሳይሆኑ የመንግሥት ፖሊሲዎች፣ ፕሮግራሞችና ሕጎችም ጭምር አስቀድመው ሊመረመሩ እንደሚገባ ይገልጻል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ስለዚህ የጎደለን ቃል አይደለም።

ጎደለ የምንለውን ለማየት ወደ ጋምቤላ እንሂድ። በአኙዋ ዞን ጎግ የሚባል ወረዳ አለ። ጊሎ ወንዝ ያልፍበታል፤ ብዙዎቻችን በስደተኞች መጠለያው ስሙን የምናውቀው ፑኝዶም በዚሁ ወረዳ ይገኛል። የአኙዋ ገበሬ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል። በክረምት ማሽላውን ከፍ ባለው መሬት ያበቅላል። መሬቱ ሲደክም ያሳርፈውና ወደ ሌላው ይሻገራል። ከወንዙ ዓሣ፣ ከጫካው ማር ያገኛል። ዝናብ ቢከዳው ጫካው አለ፤ ጫካው ቢነሳው ወንዙ አለ። ከዚህ ሁሉ አብዛኛው ገበያ አይወጣም። ስለማይሸጥ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ስለሌለውም በማንም የሂሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም። ለማገገም ያረፈው መሬት ከሩቅ ለሚያየው ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ይመስላል።

በ2002 ገደማ 5,000 ሄክታርና ከዚያ በላይ የሆነ የእርሻ ኢንቨስትመንት መሬት አስተዳደር ከክልሎች በውክልና ወደ ፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር እንዲዛወር ተደረገ። በዚያው ዘመን የእርሻ ፕሮጀክቶችን የአካባቢ ተፅዕኖ የመገምገሙም ሥራ በውክልና ለዚሁ ሚኒስቴር ተሰጠ። መሬቱን የሚያከራየውና የኪራዩን ጉዳት የሚመዝነው አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው። በ2003 ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ በኢታንግና በጂካዎ ወረዳዎች 100,000 ሄክታር በሄክታር በዓመት 20 ብር ሂሳብ ተሰጠ። ጠቅላላው ሲደመር በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ቁጥር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የዓሣው፣ የማሩና ያረፈው መሬት ዋጋ ግን የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። በ2008 መንግሥት መሬቱ በውሉ መሠረት አልለማም በሚል ውሉን አፈረሰ። ትርፍ ይገኝበታል የተባለው ስሌትም አልሠራም።

በዚያው በ2003 የጋምቤላ ክልል የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራሙን ጀመረ። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ 45,000 አባወራዎችን ማሰባሰብ ነበር፤ ጎግም ከወረዳዎቹ አንዱ ነው። ዓላማው ተበታትኖ ለሚኖረው ሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ እንደሆነ፣ ዝውውሩም በፈቃደኝነት እንደሆነ መንግሥት ገለጸ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በበኩሉ በጥር 2004 ባወጣው ዘገባ ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው እንደተነሱ፣ በአዲሱ ሥፍራ የታረሰ መሬትና የተባለው አገልግሎት ሳይጠብቃቸው ለረሃብ እንደተጋለጡ ጻፈ። መንግሥት ክሱን አስተባበለ።

ከአገር የወጡ የአኙዋ ስደተኞች በ2005 መጀመሪያ ለዓለም ባንክ የምርመራ ጓድ አቤቱታ አቀረቡ። ባንኩ በአገሪቱ የመሠረታዊ አገልግሎቶችን ፕሮግራም በገንዘብ ይደግፍ ስለነበር ነው። ውጤቱ በየካቲት 2007 ይፋ ሲሆን፣ ጓዱ ተፈጸሙ የተባሉትን በደሎች እንዳልመረመረ አስታወቀ፤ ነገር ግን ባንኩ ከሰፈራው ጋር ተያይዞ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ በሚገባ እንዳልመረመረ አረጋገጠ። ልብ በሉ፣ ይህ የዓለም ታላላቅ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የተሰበሰቡበት ተቋም ነው። ቁጥር ማስላት የሚያውቁ ሰዎች አላጡም። ያጡት በሌሊት የሚወጣ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በዚያው በ2003 እኛም የመመሪያን ጣጣ ቀምሰናል። ኑሮ ሲወደድ ንግድ ሚኒስቴር በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ሐሳቡ ድሃውን ለመርዳት ነበር። ሸቀጡ ግን ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ፤ ዘይትና ስኳር ፍለጋ ሰልፍ የቆመውም ያው ድሃው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ መንግሥት ከጥቂት ሸቀጦች በስተቀር ጣሪያውን አነሳ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም የአንድ ዓመት ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም በጎ ዓላማ ተነግሮላቸዋል። የአንደኛው ስሕተት በወራት ውስጥ ታረመ። የሁለተኛው አቤቱታ ባሕር ተሻግሮ ዋሽንግተን ድረስ መሄድ ነበረበት። ልዩነቱ ከየት መጣ? የአዲስ አበባ ሰልፍ ከሚኒስቴሩ መስኮት ይታያል። የጊሎ ዳርቻ አይታይም። አንድ ደንብ በቶሎ የሚታረመው ጉዳቱ ትልቅ በሆነ ጊዜ ሳይሆን ተጎጂው ቅርብ በሆነ ጊዜ ከሆነ፣ ምርመራው ፍትሕን ሳይሆን ርቀትን እየለካ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መልሶች ሊሰጡኝ ይችላሉ። አንደኛው ድሃ አገር ለእያንዳንዱ መመሪያ ምርመራ እያደረገች ልትዘገይ አትችልም የሚል ነው። ለዚህ ክብደት እሰጠዋለሁ። ትምህርት ቤት የራቀው ልጅ መዘግየትን አይወድም። ሆኖም ካሩቱሪ መሬቱን ከተሰጠው ውሉ እስከ ፈረሰ አምስት ዓመት አለፈ። ሳይጠይቁ መፍጠንም ለካ ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው መልስ ዓላማው በጎ ከሆነ በቂ ነው የሚል ነው። ሥራ በኒያ እንደሚመዘን እናውቃለን። ነገር ግን ኒያ የሠሪውን ሒሳብ በአላህ ፊት ያስተካክል ይሆናል እንጂ የተጎጂውን ሆድ አይሞላም። የዑመር ኒያ ንጹሕ ነበር፤ እርሳቸው ግን በኒያቸው ተጽናንተው አልተኙም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ረቂቅ መመሪያ በድረ ገጽ ቢለጠፍ አንድ እርምጃ ነው። የጎግ እናት ግን በአኙዋኛ እንጂ በአማርኛ አትጠየቅም፤ ድረ ገጽም አትከፍትም። አዋጅ 1183ም ቢሆን የሚያዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ እርሷ በየቀኑ የምታገኘው የወረዳና የክልል ውሳኔ ነው። ስለዚህ ምርመራው ወደ እርሷ መሄድ ይኖርበታል። በቋንቋዋ ይጠይቃት። ደረሰኝ የሌለውን ሀብቷን ይቁጠር። ደንቡ ከወጣ በኋላም ተመልሶ ምን እንዳደረጋት ይይ። መዛኙም ከአከራዩ የተለየ ይሁን።

እኛስ? እኛ የከተማ ሰዎች የስኳር ሰልፍ ሲረዝም ድምፃችንን እናሰማለን፤ ይሰማልናልም። ይህ ቅርበት ራሱ አማና ነው። ብዙዎቻችንም በየሱቃችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየማኅበራችን ለሌሎች ደንብ የምናወጣ ነን። ለሠራተኛው የመግቢያ ሰዓት ስንቆርጥ፣ ለእርዳታ ፈላጊው ይህን ማስረጃ አምጣ ስንል፣ በደንባችን ምክንያት የትኛዋ እናት የትኛውን ልጅ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለች እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? ለቅሶ ስንሰማ የመጀመሪያ ፍርዳችን እንደዚያ ሌሊት መጥፎ እናት ናት የሚል ነው። ዑመር ከዚህ ፍርድ የዳኑት ቆመው ምክንያቷን ስላደመጡ ነው።

ወላሁ አዕለም።