የሾፌር እንቅልፍ የማን ነው?

ሰው የገዛ ገንዘቡን ለወደደው ቢሸጥ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን እንቅልፉን ሊሸጥ ይችላልን? የሚገዛውስ ሰው ከበደል ነጻ ነውን? ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው።

እኔ ዕቃ አስመጥቼ የምነግድ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ በዓል ተቃርቦ ሳለ ዕቃዬ ገና ከጅቡቲ ይጫን ነበርና፥ ለሾፌሩ ደውዬ «ቅዳሜ ጧት አዲስ አበባ ከገባህልኝ ጉርሻ እጨምርልሃለሁ» አልሁት፤ እርሱም እሺ አለ። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአዋሽ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣ ነው።

ቅዳሜ ጧት መኪናው ከመጋዘኔ ደጅ ቆመ። ጉርሻውን ስቆጥርለት የሾፌሩ ዓይን ደም መስሎ አየሁ። «ጋሼ፥ ከመተሐራ እስከ አዳማ እንዴት እንደ መጣሁ አላስታውስም» ብሎኝ ሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም።

«ማንም አልተጎዳም» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ። ነገር ግን ማንም ያልሞተው እኔ ስለ ተጠነቀቅሁ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ማንም መንገዱን ስላላቋረጠ ነው። አጋጣሚ ያዳነው ሰው ንጹሕ ነኝ ሊል አይገባውም።

«ሾፌሩ ወዶ ነው» ማለትም አያድንም። የደከመ ሰው ድካሙን የሚመዝንበት አእምሮው ራሱ ደክሟልና። አንዳንዱ ሾፌር ሞተሩ ሲግል ቆሞ ያሳርፈዋል፤ ራሱ ሲደክም ግን ጫት ይጨምራል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ተረድተዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ያወጣው 153ኛው ስምምነት፥ ሾፌር በመሠረቱ ሳያርፍ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፥ በቀን ከ9 በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ፥ በየ24 ሰዓቱም 10 ሰዓት ሳይቋረጥ እንዲያርፍ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2006 ደንብ ደግሞ፥ አደጋ የሚያስከትል ወይም ደንቡን የሚያስጥስ ከሆነ፥ በርቀት ወይም በጭነት መጠን ለሾፌር ጉርሻ መስጠትን ይከለክላል። በ2020 ሲሻሻልም ፈጥኖ ለማድረስ የሚሰጠው ተጨመረበት። ትእዛዙ ለአጓጓዥ ድርጅቶች የተጻፈ ቢሆንም፥ ሳነበው እኔን የወቀሰኝ መሰለኝ።

ስለዚህ የሾፌር እንቅልፍ የእርሱ ብቻ ሀብት አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ላሉት ሁሉ የያዘው አደራ ነው። አደራን የሚሸጥ ይበድላል፤ የሚገዛው ግን ይብሳል፤ ሻጩን የሚገፋው የልጆቹ እንጀራ ነው፥ ገዢውን ግን ትርፍ ብቻ ነውና።

ደግሞም «ሾፌር ይረፍ» እያለ የዕረፍቱን ዋጋ የማይከፍል ሰው ምክሩ ከንቱ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የማድረሻውን ቀን የምቆርጠው ሾፌሩ የሚተኛበትን ሌሊት ቆጥሬ ነው፤ በዚህም አንድ የበዓል ገበያ አምልጦኛል። ኪሳራው ቢሰማኝም አልጸጸትበትም።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም «ዕቃዬ ለምን ዘገየ?» ብለህ ከመቆጣትህ በፊት፥ ሾፌሩ መቼ እንደ ተኛ ጠይቅ።