የአስተርጓሚው ውሸት

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይባላል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የቪዲዮ ጌም መደብር በሻጭነት ስሠራ ብዙ ነገሥታት አስተናግጃለሁ። በ60 ዶላር የገዛውን መልሶ ሊሸጥ መጥቶ 15 ዶላር ሲባል ባንኮኒውን የሚደበድብ፣ ራሱ የቧጨረውን ዲስክ «እንዲህ ሆኖ ነው የሸጣችሁልኝ» ብሎ የሚምል... ጩኸት ግን ይለመዳል።

ያስቸገረችኝ ትሑቷ ናት። አንዲት ያገሬ ሴት ከዘጠኝ ዓመት የማይበልጥ ልጇን አስከትላ ገባች። ልጁ ያነሣው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» ነበር፤ ከ17 ዓመት በታች ላሉ እንደማይስማማ ሽፋኑ ላይ ምልክት አለው። ምልክቱ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ጭካኔ የበዛባቸው ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ ያወጣችውን ሕግ እንኳ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ሽሮታል። እናቱ አጠገቡ እያለች ደግሞ እኔ ምን አግብቶኝ?

«ምንድነው?» አለችው በአማርኛ።

«የመኪና ውድድር።»

ገንዘቧን መቁጠር ጀመረች።

ለመሆኑ ሻጭ ለእሱ ያልተነገረውን ሰምቶ መናገር ይገባዋል? ዝም ብል የውሸቱ ተካፋይ ነኝ። ብናገር ደግሞ የማዋርደው ደብዳቤዋን የሚያነብላትን፣ ሐኪም ቤት አብሯት የሚገባውን፣ በሰው አገር ምላስ የሆናትን ልጅ ነው።

«እህቴ፣ ይኼ ለልጅ አይሆንም። ግድያ አለበት፤ ሌላም ነውር አለበት» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄን ውሸታም ልታደርገው ነው?» አለችና ሥራ አስኪያጁን አስጠራች። እንግሊዝኛ አትችልምና ክሷን የሚያሰማላት ያው ልጅ ሆነ። በአማርኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ወረደችብኝ። ልጁ እኔን አንዴ አየት አደረገና «ስለረዳን ታመሰግናለች» ብሎ ተረጎመ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህኛውን ትርጉም አላረምኩም።